በብረት ድልድዩ መርዶ ሳሻግር

ጦርነቱ መጥቶ እኛ ሐበሾች የምንኖርበትን የዴምን ሰፈር ሰው እንደ ፈሰሰ እህል ሳይበትነው በፊት፣ ካርቱም ውስጥ ሁለት ሥራ ነበረኝ። አንደኛው ደመወዝ ያለው ነው፤ ከወንዙ ማዶ፣ በሕሪ በሚባለው በኩል፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወለል እወለውል ነበር። ለሁለተኛው ማንም አልቀጠረኝም፣ ማንም አልከፈለኝም። ዘመድ ለሞተበት ሰው መርዶ እነግር ነበር።

የጀመርኩት ሳላስበው ነው። ሳጃና በሚባለው ሰፈር አንዲት ያገሬ ልጅ ወንድሟ ሞቶባት ቤቷ ተሰበሰብን። ሰው ሁሉ አንዱ ሌላውን በክርኑ እየጎሸመ "አንተ ንገራት"፣ "አንቺ ትሻያለሽ" ሲባባል፣ ልጅቷ ካንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች ቀለሟ ሲጠፋ አላስቻለኝም። አፌን ከፍቼ ተናገርኩ። ከዚያ ቀን በኋላ "እሷ ትችልበታለች" ተባለ። ሰው አንድ ጊዜ ይችልበታል ከተባለ አለቀለት፤ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። አገር ቤት ቢሆን ሽማግሌዎች ማልደው፣ ባለሐዘኑ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ደጁን ያንኳኳሉ፤ ጎረቤት አብሮ ያለቅሳል። ካርቱም ግን እህቶቻችን የሚያድሩት በአሠሪዎቻቸው ቤት ነው። በሰው አገር፣ የሰው በር ላይ በማለዳ ሄዶ እሪ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የልጅቷ የእረፍት ቀን እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ቤተሰቦቿም እስከዚያው በስልክ ምክንያት እየፈጠሩ እንዲያቆዩዋት ይመከራሉ። ከዚያ በአንድ ሰበብ ወደ ዴም ትመጣለች፣ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ቤተሰቡን የምመክረውም፣ ሰበቡን የምፈጥረውም፣ ሄጄ የማመጣትም፣ መጨረሻ ላይ አፌን ከፍቼ የምናገረውም እኔ ነበርኩ።

አብዛኞቹ የሚሠሩት በሕሪ ነው። ስለዚህ መርዶዬ ሁሉ የሚያልፈው በብረቱ ድልድይ ላይ ነበር።

ኮብሪ ይሉታል እዚያ ድልድይን። ይሄኛውን እንግሊዞች ናቸው የተከሉት፣ መቶ ዓመት አልፎታል። ከግራም ከቀኝም ብረቱ በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን እየተያያዘ ከሰው ራስ በላይ ይወጣል። ባቡሩም መኪናውም ይሄዱበታል፤ ለእግረኛ በጎኑ ጠባብ መንገድ አለው። ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ ይታያል፤ እጁን የደገፈበት ሰው መዳፉ ቀልቶ ይመለሳል። ከሥሩ የሚያልፈው የኛው አባይ ነው። እኔ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ወረቀት ማለቴ ነው፣ በየዓመቱ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ስቃጠል፣ እሱ ያገሬን አፈር ተሸክሞ ያለ ወረቀት ሲገባ የሚጠይቀው የለም። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኝ ነበር።

ልጆቹን በሃፍላ አላመጣቸውም። ሃፍላ የምንለው ትንሹ አውቶቡስ ላይ ሐበሻ አይጠፋም፤ ወሬውን የሰማ አንዱ ገብቶ "እግዜር ያጥናሽ" ቢላት ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። በእግር ስንሻገር ግን ድልድዩ ላይ እኔና እሷ ብቻ ነን። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ የተራመደ ሰው፣ አልቅሶ ሲወጣለት፣ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ያን ዓመት ግን ደክሞኝ ነበር። ወባ ጥሎኝ ከተነሳሁ ብዙ አልቆየሁም፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። ከድካሙ የባሰው ደግሞ ሰው ሲያየኝ መፍራት መጀመሩ ነው። ገበያ ውስጥ አንዷን "እንዴት ነሽ?" ብላት ደረቷን ይዛ "ምነው? ምን ሰማሽ?" አለችኝ። ሽንኩርት ልገዛ ነው እኮ የወጣሁት! የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ ሰው ፊቴ ላይ የሚያየው ሞት ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ለፋሲካ አገሬ ገብቼ አልመለስም። ስድስት ዓመት ሙሉ "ዘንድሮ እመጣለሁ" እያልኩ የዋሸኋትን እናቴን አያለሁ። ሰማንያ አልፏታል። "አንቺን ሳላይ አልሞትም" ትለኝ ነበር፤ እኔም ቃሏን እንደ ውል ቆጥሬ ተዘናግቼ ኖርኩ። አሁን ግን ሻንጣም ገዝቻለሁ፣ ነጠላም ገዝቼላታለሁ፤ ፋሲካ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የእድራችን ዳኛ መጡ። ዴም ውስጥ ልብስ የሚሰፉ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

"የበሕሪዋ፣ የወሎዋ ልጅ፣" አሉኝ፣ "እናቷ አርፈውባታል። ነገ ዓርብ ነው። ካንቺ ሌላ የሚያመጣት የለም።"

"አልሄድም" አልኳቸው። "ደክሞኛል አባባ። ሌላ ሰው ይልመድ። እኔ ልሄድ አይደል እንዴ?"

መሬት መሬት አዩ። "ይቺን ብቻ። ከዚህ በኋላ አንልክሽም።"

"ምን ብዬ ነው የማመጣት?"

"ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም" ብለውኝ ሄዱ።

የወሎዋን ልጅ እወዳት ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ነው የተዋወቅነው፤ የአሠሪዋን ሕፃን ይዛ መጥታ፣ እኔ የወለወልኩት ላይ በጭቃ ጫማ ቆማ፣ ስቆጣት እየሳቀች መወልወያውን ከእጄ ቀምታ ራሷ ወለወለችው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስልክ ደውዬ "ነገ ነይና ሻንጣዬን አብረሽኝ እሠሪ፣ አገሬ ልገባ ነው" አልኳት። "እሺ እትዬ፣ ግን መጥተው ይውሰዱኝ፣ ብቻዬን አልመጣም" አለችኝ። ጥሩ፣ ሰበቤ ሠራ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ ጠዋት ሄድኩ። ዓርብ ካርቱም ጭር ትላለች፤ ድልድዩን ስሻገር ከአንድ ዓሣ አጥማጅ በቀር ሰው አላገኘሁም። የልጅቷ እመቤት እስከ በር ድረስ አብራት ወጣች። ሌላ ጊዜ ግማሽ ቀን ለመስጠት የምትከራከር ሴት "ቀኑን ሙሉ አብራሽ ትዋል" ብላኝ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠች። ዳኛው ደውለው ነግረዋት ይሆናል አልኩ። ልጅቷ ጥቁር ጣርሓዋን፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ሻሽ፣ አድርጋለች። እኔ እያየሁ ያዘንኩት ለዚያ ነበር፦ ሳታውቅ ጥቁር ለበሰች።

"ያላ እትዬ፣ መጀመሪያ እንብላ" አለች።

ይሄ የኔ ሥራ ነው። መርዶ የሰማ ሰው ሁለት ቀን እህል ስለማይቀምስ፣ አስቀድሜ አበላቸዋለሁ። እሷ ስትቀድመኝ ደስ አለኝ። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንዲት የፉል ቤት ገባን፤ ሁዳዴ ስለሆነ ዘይት ብቻ አድርጉበት ብዬ አዘዝኩ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፣ ያዘዝኩት ለሷ ነው። እሷ ግን ዳቦውን ቆርሳ ወደ አፌ አመጣችው።

"እጾማለሁ እኮ ልጄ፣ አንቺ ብዪ።"

"በሞቴ እትዬ።"

"በሞቴ፣ አንቺ ብዪ።"

"ኧረ በሞቴ! አሁን ታመው የተነሱ ነዎት፣ አላህም አይቆጣም።"

ባለ ፉሉ ሳቀብን። እሱ ምን ያውቃል? እኔ እናቷ የሞተችባት ልጅ ባዶ ሆዷን መርዶ እንዳትሰማ ነው የምሟገተው። በመጨረሻ እኔ ካልበላሁ እንደማትበላ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ ብዬ ጎረስኩ። ጎረሰች። ሳህኑ እስኪያልቅ እንደዚያ እየተጓረስን ሁለታችንም ጠገብን።

ቀጥሎ ስልኳን መውሰድ ነበረብኝ፤ መንገድ ላይ ሰው ደውሎ እንዳያረዳት ሁልጊዜ እወስድባቸዋለሁ። ምን ሰበብ እንደምፈጥር ሳስብ እሷ "የኔ ባትሪው ሞቷል፣ ስልክዎን ይስጡኝማ፣ ጓደኛዬ ጋ ልደውል" አለች። የሷ ከሞተልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ሰጠኋት። ደውላም አልደወለችም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ድልድዩ መግቢያ ላይ አንድ ፖሊስ አስቆመን። "ወረቅ!" አለ፤ ወረቀት አምጡ። የሷ ኢቃማ ታድሶ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ዛሬ ይዟት ቢሄድ እናቷን ሳታለቅስ እስር ቤት ልታድር ነው። ቦርሳዬን ስፈትሽ እሷ ወደ ጎን ወስዳ በዐረብኛ አናገረችው። ዐረብኛዋ ከኔ ይሻላል፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ሰውየው ወደኔ መጣ፣ የዘረጋሁለትን ወረቀት ሳይከፍት መለሰልኝና "መዓሌሽ ያ ሓጃ" አለኝ፤ አይዞሽ፣ ይቅርታ እንደማለት ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ እንዲህ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ቆንጆ ልጅ ይዞ መሄድ ጥቅም አለው አልኩ።

ድልድዩ ላይ ስንወጣ ፀሐዩ ብረቱን አግሎታል። እጄን ይዛኛለች፤ በጣም አጥብቃ ነው የያዘችኝ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አልኳት።

"ሞኟ እኔ ነኝ፣ ይሁን" አለች። አልለቀቀችኝም።

ቀስ እያልን ሄድን። እኔ ቀስ የምለው ሰዉ ዴም ተሰብስቦ እስኪያልቅ ጊዜ ልስጥ ብዬ ነው። እሷም ትቆማለች፣ ውሃውን ታያለች፣ ጫማዋን ታስተካክላለች። ዝምታው ከበደኝ። እንደዚህ ሲሆን ስለራሴ ማውራት ልማዴ ነው፤ የሰውን ሐሳብ ያስቀይራል። ስለዚህ ስለ ጉዞዬ አወራሁላት። በገዳሪፍ አድርጌ በመተማ እንደምገባ፣ ለእናቴ የገዛሁትን ነጠላ፣ መንደሩ ስደርስ ማንንም ሳላናግር ቀጥ ብዬ ጓዳ እንደምገባ። "ባለፈው ስልክ ስደውል ግን አትገኝም" አልኳት እየሳቅሁ። "ወንድሜ 'ጠበል ሄደች' ይለኛል። እንደገና ስደውል 'ሱባኤ ይዛለች' ይለኛል። በስተርጅና እግር አወጣች! ስደርስ ነው የምቆጣት።"

ልጅቷ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ስለ እናት ማውራቴ ስህተት እንደነበረ ያኔ ገባኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። ይቺ ልጅ ከእንግዲህ እናት የላትም፣ አንቺ ስለ እናትሽ ታወሪባታለሽ? በራሴ ተናደድኩ።

መሃል ላይ ስንደርስ ባቡሩ ከካርቱም በኩል መጣ፣ ወደ አትባራ የሚሄደው። ብረቱ ሁሉ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ፤ ጩኸቱ አጠገብ ያለ ሰው የሚናገረውን አያሰማም። ልጅቷ ድንገት አንገቴን አቅፋ ፊቷን ትከሻዬ ላይ ቀበረች። ባቡሩ አልፎ እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም፤ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

"ምነው ልጄ?"

"ድንጋጤ ነው እትዬ። አብሽሩ፣ ምንም አይደል።"

ነፍሷ ነግራታለች አልኩ። እንደዚያ የሚሆኑ አሉ፣ ሳይነገራቸው የሚያውቁ። እዚያው ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው እየዋሸሁ ድልድይ ማሻገሬ፣ እያበላሁ፣ እያሳሳቅሁ ወደ ሐዘናቸው መውሰዴ አንገፈገፈኝ። ግን ድልድይ ላይ አይነገርም። ውሃ አለ፤ ሐዘን ደግሞ ምን እንደሚያስደርግ አይታወቅም። አቧራዋን አራግፌላት፣ ክንዷን ይዤ፣ ትንሽ ቀረን፣ አይዞሽ እያልኩ ወሰድኳት። የመጨረሻዬ ናት፣ ይቺን ላድርስ፣ ከዚያ እናቴ ጋ ነኝ እያልኩ ነበር በልቤ።

ከድልድዩ ስንወርድ ረክሻ ይዘን ዴም ደረስን። ባለ ሦስት እግሯ ሁለታችንን ስታንገጫግጭ ልጅቷ እጄን አልለቀቀችም። የኛ ግቢ አራት ተከራዮች ያሉበት ነው። በሩን ስከፍት ሞልቷል። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ተነሳ። ወንበር ከጎረቤት ተሰብስቧል፣ ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ተነጥፏል፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ያ የባለሐዘኑ ቦታ ነው። እኔ ቤት እንዲሆን ለምን እንደመረጡ አላሰብኩም፤ እኔ ነኝ የማወራው፣ እኔ ቤት ይሁን ብለው ነው አልኩ።

ልጅቷን ወገቧን ይዤ ወደ ፍራሹ ወሰድኳት። ሲነገራቸው ጉልበታቸው ስለሚከዳቸው ወገባቸውን እይዛለሁ። እሷም ወገቤን ያዘች።

ዳኛው አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሚስታቸው ወደ መሬት አየች። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ዝም። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜ እኔ የምገባበት ነው። ተናደድኩባቸው። ይቺን እንኳ ከኔ አታወርዱም? ጉሮሮዬን ጠረግሁና ፊቷን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ልጄ" አልኳት፣ "ሰው ሆኖ ከዚህ መንገድ የሚቀር የለም። ዕድሜ ጠግቦ፣ ልጅ አሳድጎ መሄድም ጸጋ ነው። እንግዲህ ጠንክሪ። እናትሽ..."

"እትዬ" አለች። እንባዋ በእጄ ላይ ወረደ። "የኔ እናት ደህና ናት።"

ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። አንድም ሰው እሷን አያይም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

ሌላውን በኋላ ነው የሰማሁት። እናቴ ከሞተች ሁለት ወሯ ነበር። ወሬው የደረሰው በወባ ተይዤ በምቃዥበት ሳምንት ነው፤ እስክትነሳ አይነገራት ተባለ። ስነሳ ደግሞ ማን ይናገር ተባለ። በማለዳ ተሰብስበው ቢመጡ የእግራቸውን ድምፅ ሰምቼ እንደምነቃባቸው ያውቃሉ፤ ስለዚህ እኔን ከቤቴ አውጥቶ የሚያመጣ ሰው ፈለጉ። የወሎዋ ልጅ የወር እረፍቷን ሰጥታ "እኔ አመጣቸዋለሁ" አለች። ወንድሜንም "ጠበል ሄደች በል" ብለው የመከሩት እነሱ ናቸው፤ እነሱ የተማሩት ደግሞ ከኔ ነው። እንደዚያ ስለወደዱኝ ልቆጣቸው አልቻልኩም፣ ግን ተቆጥቼ ነበር፤ እስከ ዛሬም ትንሽ አለ።

ያን ጊዜ ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም። እዚያ ግቢ መሃል ቆሜ፣ አንድ ሰው እንዲናገር ጠበቅሁ። ዳኛው ሚስታቸውን አዩ። አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸመች። ልጅቷ ወገቤን እንደያዘች ታለቅሳለች። ማንም አልቻለበትም። የጀመርኩት ዐረፍተ ነገር እዚያው አፌ ላይ ነበር።

"እናቴ ሞታለች" አልኩ።

ያኔ ነው ሰዉ ሁሉ እሪ ያለው።